ቋሚ የሆንኩባት ሳምንት

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነሥታ ቋሚ ሠራተኛ ያደረገችኝ እሁድ፣ እኔ ገና አልወሰንኩም ነበር።

መጋቢው «አሁን የምስክርነት ጊዜ ነው፤ ጌታ ያደረገለት ሰው ካለ፣ ባጭሩ» አለ። እናቴ «ባጭሩ» የሚለውን ሳትሰማ ነው የተነሣችው። ነጠላዋን አስተካከለች፣ የተቀመጠውን ሰው ጉልበት እየገፋች ወደ ፊት ወጣችና ማይኩን ተቀበለች።

«ጌታ ይባረክ!»

«አሜን!»

«ልጄ ትዕምርት ቻይና ተምራ ከመጣች ወዲህ ያለ ሥራ መቀመጧን ታውቃላችሁ። ጠላት በየማለዳው ‹ያን ያህል ተምራ ምን አመጣች?› ይለኝ ነበር።» ጠላት የምትለው እትዬ ባየችን ነው፤ በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን። «ዛሬ ግን ጌታ አፉን ዘጋልኝ! ልጄ የመንግሥት ሥራ አገኘች። ቋሚ!»

እዚህ ላይ እጇን ወደ ላይ ወረወረች። እልልታው የጣሪያውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው።

ከጎኗ ቆሞ ወደ ኦሮምኛ የሚተረጉምላት ቦንሳ ነበር። ቦንሳ ጥሩ አስተርጓሚ ነው። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ይተረጉማል፤ ተናጋሪው ሲያለቅስ የሱም ድምፅ ይሰበራል፣ ተናጋሪው ሲገሥጽ እሱም ጣቱን ይቀስራል። እናቴ እጇን ስትወረውር እሱም ወረወረ። ሁለተኛው እልልታ ከመጀመሪያው በለጠ።

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ዓርብ ዕለት ከተማችን ጭሮ ውስጥ ባለው የውሃ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈው የፈተና ውጤት ሁለት ስም ነበረበት። አንደኛ ትዕምርት ጂሬኛ። ተጠባባቂ ቦንሳ። ያው ቦንሳ። ተጠባባቂ ማለት አንደኛ የወጣው ሰው ሐሳቡን ከቀየረ፣ ከጠፋ ወይም ከሞተ የሚጠራ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ቋሚ ሥራ ያገኘ ሰው ሐሳቡን አይቀይርም፣ አይጠፋም፣ በተቻለው መጠንም አይሞትም። ስለዚህ ቦንሳ የራሱን መሸነፍ በሙሉ ድምፅ፣ እጁን ወደ ላይ እያነሣ ሲተረጉም ነበር።

እናቴ ያላወቀችው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ጅብሪል የሚባል ሰው ደውሎልኝ ነበር። መቻራ አካባቢ ምንጭ የሚያጎለብት ፕሮጀክት አስተባባሪ ነው፤ ከወራት በፊት ተወዳድሬ የረሳሁት ሥራ። «ኢንጂነር፣ አልፈሻል። የአሥራ አንድ ወር ኮንትራት ነው። ከታደሰ ይታደሳል» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩና ለማንም ሳልናገር ተኛሁ።

ናንጂንግ የውሃ ምህንድስና ተምሬ ከተመለስኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ቅጥር የሚባል ነገር ቀዝቅዟል። መደብ ሲወጣ አንድ ነው፤ ለዚህች አንዷም ስንፈተን አዳራሹ አልበቃን ብሎ ግማሾቻችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ጉልበታችን ላይ ነው የጻፍነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሰፈሩ ሰው «ቻይናዋ» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ ስልኩ የተበላሸበት ሁሉ ወደ እኔ ያመጣል። «ቻይና ናት፣ እስቲ አናግሪያት» ይሉኛል። ውሃ ነው የተማርኩት ብል ማን ይሰማል?

እንግዲህ ያለ ሥራ የቆየ ሰው ሁለት ሥራ በአንድ ቀን ሲያገኝ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔን ግን የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ምሳ ምን ልብላ ብዬም ከወሰንኩ በኋላ የሌላውን ሰው ሳህን የማይ ሰው ነኝ።

ሰኞ ጠዋት የሞባይል ካርድ ልገዛ ወደ ባለሱቁ በክሪ ሄድኩ። በክሪ ሙስሊም ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ወሬው ግን ቀድሞኝ ደርሶታል።

«ማሻአላህ ቻይናዋ! ቋሚ ሆንሽ አሉ!»

«ገና ነው በክሪ።»

«ምን ገና አለው? እናትሽ በማይክ ተናግራለች እኮ! ስሚማ፣ ታናሽ ወንድሜ ንብረት ክፍል ሊቀጠር ነው። ዋስ አምጣ ብለውታል። እንግዲህ አንቺ አለሽ።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሰው ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል፤ ዋሱ ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት። በየሰፈሩ አንድ ቋሚ ሰው ካለ ሁሉም እሱ ደጅ ይሰለፋል። ኮንትራት ሠራተኛን ግን ዋስ ሁን የሚለው የለም፤ ለራሱም እስከ መጋቢት ነው፣ እስከ ሰኔ ነው።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። ራሴ ሳልቀጠር የሦስት ሰው ዋስ ሆኜ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ እትዬ ባየች በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ፤ ጠላት ማለት ናቸው።

«እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ። እኔ ለእናትሽ ሁልጊዜ እላት ነበር፣ ይቺ ልጅ ዝም ብላ አትቀርም እያልኩ።»

«አመሰግናለሁ እትዬ ባየች።»

«ደመወዙ በባንክ ነው?»

«ገና አልጀመርኩም።»

«በባንክ ነው እንግዲህ» አሉና ገቡ።

ማታ እራት ላይ ለቤተሰቡ ነገርኩ። ቤተሰቡ ማለት እናቴ አሰጋሽና አባቴ ጂሬኛ ናቸው።

«እማዬ፣ ሌላም ሥራ አለ።»

«ምን ሌላ?»

«መቻራ። ምንጭ ማጎልበት። ፕሮጀክት ነው።»

«ቋሚ ነው?»

«ኮንትራት።»

ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። አባቴ ሬዲዮኑን ወደ ጆሮው አስጠጋ፤ የኳስ ውጤት እየተነገረ ነበር፣ አባቴ ደግሞ ኳስ አይወድም።

አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ግሬደር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መንገድ ሲሠራ ይቀጠራል፣ መንገዱ ሲያልቅ ይሰናበታል። አንዱ ተቋራጭ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፤ ዓመቱ ተቆራርጦ የትም ስላልደረሰ ዛሬ ጡረታ የለውም። እኔ የተወለድኩት ገለምሶ ነው፤ ትምህርት የጀመርኩት በዴሳ፣ ማንበብ የቻልኩት መቻራ። ለእናቴ ኮንትራት ማለት ዕቃ መጫን ማለት ነው።

«ጂሬኛ፣ ንገራት እንጂ!» አለች። «ጡረታህ በየትኛው ባንክ ነው የሚገባው?»

«የትኛው ጡረታ?»

«እሱን ነው ንገራት የምልህ!»

«ነገርኳት እኮ» አለ አባቴ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ቅዳሜ የጸሎት ቡድኑ ለምስጋና እዚህ ይመጣል። ድፎ ዳቦው ታዟል። አንድ ዓመት ሙሉ ‹ለትዕምርት ቋሚ ሥራ› እያሉ የጸለዩ ሰዎች ናቸው። ሲመጡ ምን ልበላቸው? ጌታ የሰጠውን ልጄ አልወደደችውም ልበል?»

«ሐሙስ ሄጄ ቦታውን ልየው ብቻ።»

«ለማየት ከሆነ እዪ። ግን ጠይቂ። ጡረታ አለው ወይ? ስትታመሚ ማን ያሳክማል? አሥራ አንዱ ወር ሲያልቅስ?» ሦስቱን ጥያቄ እንደ ሕፃን በቃሌ እስክይዝ ድረስ አስደገመችኝ።

ማክሰኞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የሰው ሀብት ክፍሉ ኃላፊ ደጀን ይባላል፤ ትሑት ሰው ነው፣ ሲራመድ እንኳ ወለሉን አስፈቅዶ ይመስላል። የምቀመጥበትን ክፍል ከፈተልኝ።

«ይኸ ጠረጴዛ ያንቺ ነው። መሳቢያው ይቆለፋል።» ቆለፈው፣ ከፈተው፣ እንደገና ቆለፈው። «እዚህ ቤት የሚቆለፍ መሳቢያ ያለን ሦስታችን ብቻ ነን።»

«ከኔ በፊት የነበረው ሰው የት ሄደ?»

«ጡረታ ወጡ። እስከ መጨረሻው እዚሁ ነበሩ።»

«ምን ምን ይሠሩ ነበር?»

ደጀን ትንሽ አሰበ። «ሪፖርት» አለ።

«መስክስ?»

«መኪናው ሲነሣ ይኬዳል።»

መኪናው ከሕንፃው ጀርባ፣ ጎማዎቹ ወልቀው ድንጋይ ላይ ቆሟል። ዘበኛው ጥላው ውስጥ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፤ ስናልፍ «እንብላ» አለን።

እውነቱን ለመናገር መሳቢያው አጓጓኝ። ዶርም ለዶርም ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚቆለፍ ነገር ኖሮኝ አያውቅም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳረጅ ታየኝ፤ መነጽር አድርጌ፣ ሻይ አዝዤ፣ ለግማሽ ወረዳ ዋስ ሆኜ። የሚያስፈራው ነገር ደስ ማለቱ ነበር።

«እስከ ሰኞ ሪፖርት አድርጊ» አለኝ ደጀን። «ካልሆነ ተጠባባቂው ይጠራል።» ከዚያም ሊያጽናናኝ ብሎ «እስካሁን ተጠርቶ አያውቅም» ጨመረበት።

ሐሙስ ማለዳ ጅብሪል ከሾፌር ጋር በፒካፕ መጣ። የገለምሶ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ጥርሱ ለሳቅ የቀረበ። በበዴሳ አድርገን ገለምሶ ስንደርስ ሾፌሩ ጫት ሊገዛ ወረደ፤ እስኪመለስ ጅብሪል የራሱን ታሪክ አጫወተኝ።

«እኔ በኮንትራት ነው ያደግኩት፣ ኢንጂነር። ይኸ አምስተኛ ፕሮጀክቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄ የክትባት ፕሮጀክት ልጅ ነው፣ ሁለተኛዋ የመንገድ ናት። ሦስተኛውን ደግሞ ሚስቴ ኮንትራቱ ከመታደሱ በፊት አይሆንም ብላኛለች።»

«አይከብድም?»

«ይከብዳል። ግን ሰኞ ሰኞ ሆዴን አያመኝም። ቋሚ የሆኑ ጓደኞቼን ጠይቂያቸው፣ ሰኞ ሆዳቸውን ያማቸዋል።»

ከገለምሶ በኋላ መንገዱ መንገድነቱን ተወ። አባቴ በግሬደር የጠረገው ይኼው ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያ ወዲህ የነካው ያለ አይመስልም። መቻራን አልፈን በቡና ማሳዎች መሀል ወረድንና በእግር ወደ አንድ ምንጭ ሄድን። ሲሚንቶ ሳጥን ተሠርቶለታል፣ ቧንቧ ተቀጥሎለታል፣ በቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ቧንቧውን ከፈትኩት። ምንም የለም።

የምንጩ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ፣

«የስንት ወር ናት?» አሉት ጅብሪልን።

«አሥራ አንድ።»

«ጥሩ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ያለፈው የስድስት ወር ነበር። ጥሩ ልጅ። ሳጥኑን ሠራ፣ ቧንቧውን ቀጠለ፣ በሰባተኛው ወር ውሃው ጠፋ። ደወልንለት። ሐዋሳ ነኝ አለ፣ ሌላ ፕሮጀክት። አለቀሰልን በስልክ።»

«የወረዳና የዞን ቋሚ ባለሙያዎችስ?» አልኩ።

«እነሱ አሉ። ደግ ናቸው። መኪና ስናገኝ እንመጣለን ይላሉ።»

ይኼን ነበር የምፈራው። ቋሚዎቹ ጊዜ አላቸው፣ ነዳጅ የላቸውም። ኮንትራቶቹ ነዳጅ አላቸው፣ ጊዜ የላቸውም። ከሁለቱ የትኛውን ጉድለት ልምረጥ? ወዲያው ወደ ቤቴ መመለስ አማረኝ።

ግን ከሳጥኑ በታች፣ ከብቶች በሚረግጡት ጭቃ ውስጥ ትንሽ እርጥበት አየሁ። ጫማዬን አወለቅኩ። ዶማ ጠየቅኩና ጎኑን መጫር ጀመርኩ። ውሃው አልጠፋም ነበር፤ በሳጥኑ ጎን ሾልኮ ነው የወጣው። ሳጥኑ ከምንጩ ዓይን ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ተሠርቷል። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ቆመው ያዩኛል፤ አንዷ «ወርቅ ነው እንዴ የምትፈልገው?» ስትል ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጅብሪል «ኢንጂነር፣ ሾፌሩ ሊያለቅስ ነው» ሲለኝ ነው ቀና ያልኩት።

የእናቴ ጥያቄዎች ትዝ ያሉኝ በዴሳን ካለፍን በኋላ ነው።

«ጅብሪል፣ ጡረታ አላችሁ?»

«ይቆረጣል» አለ እያዛጋ። «ግን ጡረታ ዓመት ይፈልጋል። እኛ ያለን ወር ነው።»

ሌሎቹን ሁለቱን አልጠየቅኩም። ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ ሰዓት አላየሁም።

ዓርብ ቦንሳ ወደሚሠራበት ኮፒ ቤት ሄድኩ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ምሩቅ ነው፤ አሁን የሌላውን ሰው የሥራ ማመልከቻ ሲያትም ይውላል። ሲያየኝ ከማሽኑ ጀርባ ተነሣ።

«እህት ትዕምርት፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እሁድ ሳልልሽ ቀረሁ።»

«በማይክ ብለኸኛል እኮ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ቦንሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ብተወው ትወስደዋለህ?»

«እንዲህ አትጠይቂኝ።»

«ለምን?»

«‹አዎ› ካልኩ ያንቺን ተመኘሁ። ‹አይ› ካልኩ ዋሸሁ። ሁለቱም ኃጢአት ነው።» ወረቀቶቹን አስተካከለ፣ መልሶ በታተናቸው። «ጸልዬ ነበር ደግሞ። ውጤቱን ካየሁ በኋላ። ‹ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ ለእህቴ ለትዕምርት ከዚህ የተሻለ ቦታ አዘጋጅላት› ብዬ።»

«መቼ ነው የጸለይከው?»

«ያለፈው ዓርብ። ከምሳ በኋላ።»

«መቻራ ሌላ ሥራ አለሽ ብለው የደወሉልኝም ያን ዓርብ ከሰዓት ነው።»

ማሽኑ የማንን እንደሆነ እንጃ፣ ስድስት ቅጂ አወጣ።

«በክፋት አልነበረም» አለ ቦንሳ።

«ትንሽ በክፋት ነበር።»

«ትንሽ» አለ።

እኔ እንደሱ አላምንም፤ አለማመንም አይሆንልኝም። ግን ወደ ቤት ስሄድ አንድ ነገር ገባኝ። ከሰኞ ጀምሮ ጭሮ ውስጥ የሚደሰተው ሰው ሁሉ የሚደሰተው በመሳቢያው ነው። ስለ ውሃው የጠየቀኝ የለም። እኔም ብሆን ማክሰኞ ከቢሮው ስወጣ የጠየቅኩት የደመወዝ ቀን መቼ እንደሆነ ነው። ከመቻራ ግን ጡረታን ረስቼ ነው የተመለስኩት። ፍርሃቱ አልሄደም። አባቴ ሬዲዮኑን ይዞ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ፣ እርጅናዬ ከጎኑ ተቀምጦ ይታየኛል። ቢሆንም ወሰንኩ። ከወሰንኩ በኋላ ደግሞ እንደ ልማዴ ሌላውን ሳህን ማየት ጀመርኩ፤ ስለዚህ ሐሳቤን ሳልቀይር ለሰው መናገር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቡድኑ መጣ። ግቢያችን ከሰፈሩ በተዋሰው አግዳሚ ሞላ። ዘመሩ፣ ጸለዩ፤ ድፎው ጠረጴዛው ላይ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ቦንሳ እናቴ ባዘዘችው መሠረት መሀል ላይ ቆሟል፤ የቡድኑ ግማሽ ኦሮምኛ ነው የሚሰማው። እትዬ ባየችም ኦርቶዶክስ ሆነው ሳሉ «ጎረቤት አይደለሁ?» ብለው ገብተዋል።

«ልጄ የምትለው አላት» አለች እናቴ ፊቷ እያበራ።

ተነሣሁ።

«ስለ ጸለያችሁልኝ አመሰግናለሁ።» ቦንሳ ተረጎመ። «ሥራ አግኝቻለሁ።» ተረጎመ፣ እጁንም ትንሽ ከፍ አደረገ። «መቻራ ነው። ምንጭ ነው የምሠራው።» ተረጎመ፣ እጁ ግን እዚያው ቀረ። «ኮንትራት ነው። የአሥራ አንድ ወር። ያኛውን ቋሚውን ሰኞ እተወዋለሁ።»

ቦንሳ ይኼን አልተረጎመም።

አማርኛ የሚሰሙት መሬት መሬት ያያሉ። የማይሰሙት ቦንሳን ያያሉ። ከኋላ አንዲት አሮጊት «ማል ጄቴ?» አሉ፣ ምን አለች ማለታቸው ነው። ቦንሳ ላቡን ጠረገና ተረጎመው። በሕይወቱ እንደዚያ ባጭሩ ተርጉሞ አያውቅም፤ ድምፁን አልሰበረም፣ እጁን አላነሣም፤ እንደ ዜና አነበበው።

እንዲህ ላለው ነገር አሜን ይባል ወይስ አይባል፣ ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

«አሜን!» አለ አንድ ድምፅ ከበረንዳው።

አባቴ ነው። አባቴ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ዘወር አለ። አባቴም ራሱ ደንግጦ ሬዲዮኑን አነሣ።

ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉት፣ አንድ በአንድ፣ እየተያዩ። ድፎው ተቆረሰ። የተጋገረው ለቋሚ ነበር፤ ለኮንትራትም ግን በደንብ ተበላ። እትዬ ባየች ሁለተኛ ቁራሽ እየወሰዱ «ታዲያ ደመወዙ በባንክ አይደለም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ ትሪ ታጥባለች። ላግዝሽ ብላት እጄን በክርኗ ገፋችው።

«አባዬ» አልኩት እሷ እንድትሰማ። «ያን ጊዜ ቋሚ ሥራ ብታገኝ ትወስደው ነበር?»

«ቋሚ ብሆን ኖሮ እናትሽን የት አገኛት ነበር? አሰቦት መንገድ ስንሠራ አይደል ያየኋት?»

«ያየኸኝ መንገዱ ስላላለቀ ነው» አለች እናቴ ፊቷን ሳትመልስ። «ክረምቱ ያዛችሁና።»

«ክረምቱም ባይዘን አይቼሽ ነበር።»

«መንገዱ ሲያልቅ ይዘኸኝ ሄድክ። ሄድን፣ ሄድን፣ ልጄ አንድ አስተማሪ ሁለት ዓመት ሳያስተምራት አደገች። አሁን ደግሞ ‹አሜን› ይላል!» ትሪውን አስደግፋ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንቺም ብትሆኚ ለእኔ መጀመሪያ መንገር ነበረብሽ። በሰው ፊት!»

«በሰው ፊት የጀመርሽው አንቺ ነሽ እማዬ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ገባች። እስከ ሰኞ አላናገረችኝም።

ሰኞ ደጀን የምለውን ሁለት ሦስቴ አስደገመኝ።

«አልመጣም ነው የምትይው?»

«አዎ።»

«ታመምሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«እንግዲህ ማመልከቻ ጻፊ። ‹ባጋጠመኝ የቤተሰብ ችግር› በይ፤ እንደዚያ ነው የሚባለው።»

«የቤተሰብ ችግር የለብኝም።»

«ቤት ስትደርሺ ይኖርሻል» አለ ደጀን በቅንነት።

ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ደረጃውን ሳልጨርስ ተጸጸትኩ። በሩ ላይ ስደርስ ጸጸቱ ቀለል አለኝ። መንገድ ሳቋርጥ እንደገና መጣ። ከሰዓት ቦንሳን ጠሩት፤ ማታ ደወለልኝ። ስለ ምስጋና አልጀመረም፤ ያሳፍረው ነበር።

«መኪናው ድንጋይ ላይ ነው አሉ» አለኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«በሚኒባስ እመጣለሁ። አሥራ አንዱ ወር ሳያልቅ ምንጮቹን አሳዪኝ።»

«አንድ በአንድ» አልኩት።

ረቡዕ ጅብሪል ሊወስደኝ መጣ። ሻንጣዬን ስጭን እናቴ ከቤት ወጣች፤ ለመንገድ ያዘጋጀችውን በሶ ሰጠችኝና በቀጥታ ወደ ጅብሪል መስኮት ሄደች።

«አንተ ነህ ልጄን የወሰድካት?»

ጅብሪል ከመኪናው ወረደ። «እኔ ነኝ እማማ። እንደምን አደሩ?»

«ለስንት ወር?»

«ለአሥራ አንድ።»

«ከዚያስ?»

«ከታደሰ ይቀጥላል።»

«ማነው የሚያድሰው? አንተ ነህ?»

«እኔማ ራሴም የሚያድስልኝ እፈልጋለሁ። ገንዘቡን የሚሰጡት ናቸው፤ ውጭ አገር ነው ያሉት። የምትፈርመው አንዲት ሴት ናት።»

«ስሟን ንገረኝ።»

«ለምን እማማ?»

«ልጸልይላት ነዋ! ለማን ልጸልይ ታዲያ? ላንተ?»

ጅብሪል ወደ እኔ አየ። እኔ ሰማይ አየሁ።

«ማሪከ ትባላለች» አለ።

«ማሪከ» አለች እናቴ። አንዴ ደግማ አለችው፤ አፏ ላይ አልተመቻትም። «ትዳር አላት?»

«እኔ እንጃ እማማ። ሁለቴ ነው ያየኋት፣ በኮምፒውተር ነው።»

«ልጅስ?»

«አላውቅም።»

«የማላውቃትን ሰው ምን ብዬ ነው የምጸልይላት?» ተቆጣች። «ጠይቀህ ንገረኝ። ጤናዋን፣ እናት አባቷ በሕይወት እንዳሉ። ስልኬን ልጄ ትሰጥሃለች።»

«እጠይቃለሁ እማማ።»

«አሁን ደውልላት።»

«አሁን እዚያ አገር ሰው ተኝቷል።»

እናቴ የተኛውን አገር ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ አንገቷን በኔ መስኮት አስገባችና ሳመችኝ፤ በግራ፣ በቀኝ፣ እንደገና በግራ። ምንም አልመረቀችኝም፤ ስትነሣ ወደ ጅብሪል ነበር የምታየው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ስንንቀሳቀስ ከጎን ከጎን ጥቂት ተራመደች፤ በመስተዋቱ ስትቀር ነጠላዋን እያስተካከለች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ምን እያለች ነው?» አለ ጅብሪል።

«የማሪከን ስም እየተለማመደች ነው» አልኩት።